አሮጌ ሰንጢና የትውልድ ሐረጉ፤ ከኢስትሊ የተጻፈ ዳሰሳ

የናይሮቢዋ ኢስትሊ በአሮጌ ዕቃ ገበያ አትታወቅም። የምትታወቀው በጨርቅ፣ በስልክ፣ በወርቅና በሽቶ ነው። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ ቤት አልጋ ክፍሎቹን ወደ ሱቅነት ለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ እስከ ካምፓላና ጁባ ድረስ ዕቃ የሚያከፋፍል ገበያ ሆኗል። የእኛም ሰዎች ከደርግ ዘመን ጀምሮ በየተራ መጥተው እዚያው ሰፍረዋል። ስደተኛ በበዛበት ሰፈር ደግሞ በኪስ፣ በሻንጣ ሥር፣ በእናት ነጠላ ተጠቅልሎ የመጣ ዕቃ አይጠፋም፤ ሰንጢ ደግሞ ለዚህ የሚመች ነገር ነው። ትንሽ ነው፣ ቦታ አይይዝም፣ ሲቸግርም ይሸጣል። ሻጩ «የአያቴ ነው፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ቤታችን የነበረ» ይላል። ገዢው ያን ጊዜ ሁለት ነገር ማጣራት ይኖርበታል፦ ሰንጢው እንደተባለው ነው ወይ? ከማን እጅ ወደ ማን አልፎስ እዚህ ደረሰ? ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም ሰው ሲያደባልቃቸው ነው። (ከአንዱ የሕግ ቁጥር በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ብረቱ ላይ የሚመታውም እሱ ስለሆነ።)

በዚህ አካባቢ እውነተኛ አሮጌ ሰንጢ መገኘቱ የሚገርም አይደለም። የኢስትሊ አየር ጣቢያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ይዞታ ነበር። ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር በሶማሊያ በኩል ገስግሶ ኤፕሪል 6 ቀን 1941 አዲስ አበባ ሲገባ በውስጡ የኬንያ ተወላጆች፣ ደቡብ አፍሪካውያን፣ የናይጄሪያና የጎልድ ኮስት ወታደሮች ነበሩበት። የእንግሊዝ ጦር ሰንጢ አንድ ሰፊ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ገመድ መፍቻ ወስፌ ያለው፣ እጀታው ጥቁርና ሸካራ የሆነ ከባድ ዕቃ ነው። ከጦርነቱ በፊትም ኢስትሊ የሕንድ ነጋዴዎች ሰፈር ስለነበረ የእንግሊዟ ከተማ የሼፊልድ ሰንጢ በሱቅም በቤትም ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ «ከጦርነቱ ጊዜ ነው» የሚለው ወሬ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ሊሆን የሚችልና የሆነ ነገር አንድ አይደሉም።

ሰንጢ ሲመረመር መጀመሪያ የሚታየው ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚጋጠምበት ሥር ነው፤ የሠሪው ማኅተም የሚመታው እዚያ ላይ ነው። የእንግሊዝ ጦር ዕቃ ከሆነ የዶሮ እግር የመሰለች ቀስት ትኖርበታለች፤ ብዙ ጊዜም የሠሪው ስምና ዓመቱ አብረው ይገኛሉ። ቀስቷ በእንግሊዝኛው «ዩ» ፊደል ውስጥ ከሆነች ዕቃው የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ከተመቱ ደግሞ መንግሥት ዕቃውን ከአገልግሎት አውጥቶ ሸጦታል ማለት ነው። ይህች ትንሽ ምልክት ከብዙ ወሬ ትበልጣለች፤ ሰንጢው ከጦሩ በሕጋዊ መንገድ እንደወጣ ራሱ ብረቱ ይናገራልና።

ቀጥሎ የአገር ስም ይታያል። ዞሊንገን የተባለችው የጀርመን ከተማ ሠሪዎች የሼፊልድን ስም እየመቱ ይሸጡ ነበር። የሼፊልድ ባለሙያዎች ጩኸት ካመጣቸው ነገሮች አንዱ እንግሊዝ በ1887 ያወጣችው የንግድ ምልክት ሕግ ነው፤ አሜሪካም በ1890 በቀረጥ ሕጓ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች። ስለዚህ የአገር ስም የተመታበት ሰንጢ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። «የማይዝግ» የሚል ቃል በየትኛውም ቋንቋ ካለበት ከ1913 አይቀድምም፤ ሃሪ ብሬርሊ የማይዝገውን ብረት በሼፊልድ ያገኘው በዚያ ዓመት ነውና። «የምኒልክ ዘመን» ተብሎ የቀረበ አንጸባራቂና ዝገት የማያውቅ ሰንጢ በዚህ በአንድ ጥያቄ ብቻ ይወድቃል።

የታወቁ ሠሪዎችም የየራሳቸው መፈተሻ አላቸው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1890 ጀምሮ ቢሠራም ስለቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት የመጣው በ1955 ነው፤ ቀለበት ያለው ኦፒኔል ከዚያ በፊት የነበረ ሊሆን አይችልም። የስዊሱ ካርል ኤልዝነር የመኮንን ሰንጢውን ያስመዘገበው በ1897 ሲሆን ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም የመጣው ግን በ1921 ነው። የአሜሪካው ኬዝ በ1970 ከማኅተሙ ሥር አሥር ነጥብ አድርጎ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ ሄደ፤ ነጥብ መቁጠር የቻለ ሰው ዓመቱን አወቀ ማለት ነው። የሼፊልዱ ጆሴፍ ሮጀርስ ኮከብና መስቀል የሆነው ምልክቱ በየአገሩ ሲቀዳ ኖሯል። እሱ ላይ አንድ ወጥመድም አለ፦ በዘውድ ግራና ቀኝ የሚመቱት ፊደላት የነገሠውን ንጉሥ ያሳያሉ፤ «ቪ» እና «አር» የንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው፣ ከ1837 እስከ 1901። «ጂ» እና «አር» ግን ጆርጅ የሚባል ንጉሥ ስለበዛ በ1820ዎቹም በ1910ዎቹም ሊሆን ይችላል። ሻጭ ሁልጊዜ ወደ ቀደመው ይጎትታል፤ ሌላ ማስረጃ ከሌለ ገዢው ወደ ኋለኛው ቢይዝ ይሻለዋል።

ማኅተም ግን ይጭበረበራል፤ የሚከብደው እርጅናን መቅዳት ነው። 1942 የሚል የጦር ሰንጢ በእጃችሁ ገባ እንበል። በማጉያ መነጽር የቁጥሮቹን ጠርዝ እዩ። በጊዜው የተመታ ከሆነ የፊደሉ ጠርዝና በዙሪያው ያለው ብረት እኩል አልቀዋል፤ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ጥቁረትም ከቀረው የስለቱ ሥር ጋር ይመሳሰላል። ብረቱ ተበልቶ፣ ተቧጥጦ፣ ቁጥሩ ግን ስል ሆኖ ከቆመ ቁጥሩ ከጭረቱ በኋላ መጥቷል። ከዚያ ሰንጢውን ክፈቱና ዝጉ። ደህና ሞላ ያለው ሰንጢ ሲከፈትም ሲዘጋም «ቀጭ» ይላል። ስለቱ ደግሞ በመሞረድ ብዛት ወርዱ ይቀንሳል። እጀታው ለሃምሳ ዓመት በእጅ የታሸ መስሎ ስለቱ ሙሉ ወርዱን እንደያዘ ከሆነ፣ ወይ ስለቱ ከሌላ ሰንጢ የመጣ ነው ወይ እጀታው ሆን ተብሎ እንዲያረጅ ተደርጓል። እጀታውን የያዙትን ሚስማሮችም ተመልከቱ፤ አንዱ ራስ ቢጫ ሌላው ነጭ፣ አንዱ ያለቀ ሌላው አዲስ ከሆነ ተፈቶ ተገጥሟል። መፈታቱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ሰው የተሰበረ ዕቃውን ያስጠግናል። ያልተነካ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው ማጭበርበር የሚሆነው።

ዝገትም ይሠራል። አሲድ፣ ኮምጣጤ፣ ጨውና ውሃ በአንድ ሌሊት ብረትን ያዝጋሉ። እንዲህ የመጣ ዝገት ብርቱካናማና ልቅ ነው፣ ስለቱን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ያደርገዋል፣ ጣት ላይም ይቀራል። ጊዜ ያመጣው ጥቁረት ግን እንደ አያያዙ ይለያያል፤ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ፈዘዝ፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ደመቅ ይላል። ከዚህ የከፋው ግን በእኔ እምነት የቅን ሰው ጥፋት ነው፦ ዕቃውን አሳምሮ ለመሸጥ በሽቦ ብሩሽ ወልውሎ፣ በሞተር ሞርዶ የሚያቀርብ ባለቤት። እውነተኛው ዕቃ እንዲህ ሲጠፋ ማኅተሙም ታሪኩም አብሮ ይጠፋል፤ ሰብሳቢም ዋጋውን በእጅጉ ይቀንስበታል።

እጀታው ላይ ስንደርስ ነገሩ ከገንዘብ አልፎ ወደ ሕግ ይገባል። አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና ስንጥቆች ይታዩበታል። የዝሆን ጥርስ ከሆነ በተቆረጠው ጫፉ ላይ የሚተላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ሴሉሎይድ የተባለው የጥንት ፕላስቲክ ሲታሽ የካምፎር ሽታ ይሰጣል፤ ሲያረጅም የሚያወጣው ትነት አጠገቡ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ኬንያ በዝሆን ጥርስ ነገር አትቀልድም፤ በ1989 ፕሬዚዳንት ሞይ 12 ቶን አቃጠሉ፣ በ2016 ደግሞ 105 ቶን በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ። የ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግም ቅጣቱ ከባድ ነው። የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያለውን ሰንጢ «አሮጌ ስለሆነ ችግር የለውም» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ፣ ችግሩ የእሱ ሳይሆን የያዘው ሰው ነው የሚሆነው። ጥሎ መሄድ ነው።

የአውራሪስ ቀንድ ነገር ወደ ራሳችን ብረት ይመልሰናል። የድሮ ጎራዴዎቻችን እጀታ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ቀንድ የተሠራ ነው፤ ስለታቸው ግን ከዞሊንገን የመጣ ሊሆን ይችላል። በዘውዱ ዘመን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍና የአንበሳ ምስል እየተቀረጸባቸው ከአውሮፓ የመጡ ጎራዴዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የጀርመን ማኅተም ማየት ጎራዴውን ኢትዮጵያዊ አይደለም አያሰኘውም፤ እንዲያውም የሚጠበቅ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከውጭ ሰብሳቢ ይቀድማል፦ ፊደሉን ያነባል። ቢሆንም የፊደል ስህተት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ የቀረጸው እጅ ፊደሉን የማያውቅ የአውሮፓ ባለሙያ ሊሆን ይችላልና። ቅርጹ ጥልቀቱ እኩል ነው ወይ? ከብረቱ ጋር አብሮ አልቋል ወይ? መጠየቅ የሚገባው ይህ ነው።

የአፋሩ ቆልማማ ጊሌና የሶማሌው ሰፊ ቅጠል መሳይ ቢላዌ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። በእነዚህ ላይ የፋብሪካ ማኅተም አይፈለግም፤ የሚሠሩት በቀጥቃጭ እጅ ነው። ባለእጁ ደግሞ ያገኘውን ብረት ይጠቀማል፤ የመኪና ባሌስትራ ሆኖም ይገኛል። ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ጊሌ ከመኪና ዘመን በፊት የነበረ አይሆንም፤ ሐሰተኛ ግን አይደለም፤ ባለቤቱ ታጥቆት ዞሮበታል፣ ሰገባው በላቡ ጠቁሯል። ለቱሪስት የሚሠራው ይለያል፦ ስለቱ አይቆርጥም፣ ሰገባው ከስለቱ ጋር አይገጥምም፣ ቆዳው ገና የቆዳ ፋብሪካ ይሸታል። ከኢስትሊ ብዙም በማይርቀው በካሙኩንጂ ጁዋ ካሊ የሚባሉት ቀጥቃጮች ከአሮጌ ብረት ያሻችሁን ሲሠሩ ማየት ይቻላል። ሙያቸው የሚከበር ነው፤ ግን አንድ ብልህ እጅ የትናንቱን የመቶ ዓመት ለማስመሰል ምን ያህል ጊዜ እንደማይፈጅበት እዚያ ቆሞ ያየ ሰው «አሮጌ ነው» የሚለውን ቃል በቀላሉ አይቀበልም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ትውልድ ሐረጉ እንምጣ። በአውሮፓ ሰብሳቢ ደረሰኝ፣ የሐራጅ ዝርዝር፣ የቤተሰብ ደብዳቤ ይጠይቃል። ሌሊት ድንበር የተሻገረን ሰው ደረሰኝ አምጣ ማለት ግን ሞኝነት ነው። በዚህ ምክንያት የስደተኛ ቃል ሁሉ ውሸት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የቃል ታሪክ ይፈተናል፦ የአያትየው ስም ማን ነው፣ በየትኛው ጦር ነበር፣ ሰንጢው ለማን አለፈ፣ በወገቡ የታጠቀበት ፎቶ አለ ወይ? እውነተኛ ታሪክ ዝርዝር ሲጠየቅ ይሰፋል፣ የማይመች ነገርም ይኖርበታል፤ የተፈጠረ ታሪክ ግን እንደተጠና ተደግሞ ይመጣል፣ ሁልጊዜም በታላቅ ስም ያልቃል። «የራስ እገሌ ነበር» የሚባል ሰንጢ በበዛ ቁጥር ጥርጣሬያችሁም ይብዛ። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ለብረቱ የብረቱን ዋጋ ክፈሉ፤ ለታሪኩ የምትከፍሉት ወረቀት ወይም ፎቶ ሲኖር ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የትውልድ ሐረግ ሲገኝም ሁልጊዜ ለሻጭ አይመችም። በ2024 መጀመሪያ በኒውካስል የሚገኝ አንድ አጫራች ቤት አንድ ጋሻ ለጨረታ አቀረበ። ጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና ኤፕሪል 13 ቀን 1868 የሚል ቀን ተጽፎበት ነበር፤ ቀኑ የእንግሊዝ ጦር አምባውን የያዘበትና አፄ ቴዎድሮስ ያረፉበት ነው። ያ ጽሑፍ ጋሻው እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ በዚያው ጊዜ የተዘረፈ መሆኑንም መሰከረ። ጨረታው ተሰረዘ፣ ጋሻውም በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ማረጋገጫው ራሱ ክስ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ስለት ያገኘ ሰው ሀብት አገኘሁ ብሎ አይቸኩል።

በአገር ቤት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ኬንያም የ2006 የብሔራዊ ሙዚየሞችና ቅርስ ሕግ አላት። በፋብሪካ በብዛት የተመረተ የእንግሊዝ ጦር ሰንጢና የንጉሥ ወይም የቤተ ክርስቲያን ምልክት ያለበት ጎራዴ ግን አንድ ጉዳይ አይደሉም። የመጀመሪያውን ገዝቶ ኪስ ውስጥ መክተት ይቻላል። ሁለተኛው በእጃችሁ ከመጣ አትግዙት፤ ከተቻለ ፎቶ አንሱና በናይሮቢ ላለው ኤምባሲያችን አሳውቁ።

አሮጌ ሰንጢ በቤታችሁ ካለ ደግሞ አትወልውሉት፣ አታስሞርዱት። በቀጭን ዘይት አብሱትና የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ቀኑንና የነገራችሁን ሰው ስም ጨምሩበት።