ቼዝ ለልጅ፣ ሰንጠረዥ ለአያት?

ልጆችዎ ቼዝ ይወዳሉ? እንግዲያው የድሮውን ሰንጠረዥም ያሳዩዋቸው። የኛ ጨዋታ በ«ወረራ» ይከፈት ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። በዛሬዋ ንግሥት ቦታ የቆመው ፈርዝም በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄድ ነበር።

አዲሱን ሕግ የለመደ ልጅ ወረራን ሲያይ «ይሄማ ማጭበርበር ነው!» ሊል ይችላል። የድሮውን የለመዱ አያት ደግሞ ገና ከጅምሩ ተራ መጠበቁ ሊያሰለቻቸው ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሕግ የሚጸናው ተጫዋቾች ሲስማሙበት ነው።

ሪቻርድ ፓንክረስት የሰንጠረዥን ታሪክና ደንብ በ1971 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስቀምጠውልናል። ጨዋታውን በሕይወት የሚያቆየው ግን ተጫዋች ነው። በመጪው በዓል አንዱን ዙር በአዲሱ፣ ሌላውን በድሮው ሕግ ይሞክሩት።