የነቀምት በረኛ ከየት ይምጣ፣ ከገበያው ወይስ ከኡኬ?

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. የሆነውን የስፖርት ቤተሰቡ አይረሳውም። ዋልያዎቹ በደቡብ አፍሪካዋ ሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር ሲጫወቱ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጣ። ቅያሪ አልቋል። ምን ይደረግ? አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ገባ፤ ቪክተር ሞሰስም ፍጹም ቅጣት ምቱን አስቆጠረ፤ ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። ከስምንት ቀን በፊት ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታም ጀማል ጣሰው በቀይ መውጣቱ ይታወሳል። በረኛ ሲታጣ ምን እንደሚመስል ያኔ ሁሉም አየው።

ክረምት በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ወደ ክለቦች ይወርዳል። በተለይ እንደ ነቀምት ከተማ ዓመታትን በከፍተኛ ሊግ ላሳለፈ ክለብ ነገሩ ቀላል አይደለም። አጥቂ ቢሳሳት ሌላ ኳስ ያገኛል፤ በረኛ ከተሳሳተ ግን ያው ጎል ነው። ታዲያ ውል የጨረሱ ተጫዋቾች በበዙበት ገበያ ነቀምት ፊት ያለው ምርጫ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መንገድ የውጭ ግብ ጠባቂ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ኡጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን፣ ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን፣ ቀጥሎም ኡጋንዳዊውን ቻርለስ ሉኩዋጎን አሰልፏል። ጅማ አባ ጅፋር ደግሞ ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ጋናዊውን ዳንኤል አጄይን በረኛ፣ ናይጄሪያዊውን ኦኪኪ አፎላቢን አጥቂ አድርጎ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ መሪነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። የምዕራቡ ክፍል ደጋፊ ‹‹ጅማ ከቻለች እኛስ?›› ቢል አይፈረድበትም።

ግን የታሪኩን መጨረሻም ማየት ነው። ጅማ በ2014 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በገበያ የተሠራ ቡድን ገንዘቡ ሲያጥር ይበተናል። ደግሞስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አብዛኞቹ የአገራችን ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ውድድሮች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲካሄዱ የነቀምት ደጋፊ ቡድኑን በደጁ የማየት ዕድሉ ጠበበ፤ የመግቢያ ትኬት ገቢውም አብሮ ሄደ።

ሁለተኛው መንገድ በፕሪሚየር ሊግ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ተጠባባቂ ማምጣት ነው። ልምምዱ አለው፣ የሚያንሰው ጨዋታ ብቻ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ስለሚችል ቀድሞ የነቃ ክለብ ይጠቀማል። ችግሩ ዋጋው ነው። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ከፍተኛ ደመወዝ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን ገበያው ይረጋጋል ተብሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ይከፍላሉ የሚለው ወሬ ዛሬም አልበረደም።

ሦስተኛው ከክለብ ክለብ የሚዞረውን የከፍተኛ ሊግ አንጋፋ ማስፈረም ነው። ሜዳውንም አጥቂዎቹንም ያውቃል፣ ዋጋውም አይከብድም። ነገር ግን የአንድ ዓመት ውል ፈርሞ በሰኔ ሻንጣውን ይይዛል። በሚቀጥለው ክረምት ክለቡ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አራተኛው መንገድ ደጅ ላይ ነው። ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ቆላው ላይ ኡኬ አለች፤ አንገር ጉቴም ከዚያው ወዲያ ነው። በሌላ አቅጣጫ ጊምቢና ሻምቡ አሉ። በእነዚህ ከተሞች ሜዳ ላይ በቆዳ ጓንት ባይሆንም በባዶ እጁ የሚወረወር፣ ቁመቱ የሚያስቀና ልጅ አይጠፋም። ግን ማን አየው? ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ በነበረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ መንገድም ሲዘጋ ከርሟል። ነቀምት ድረስ መጥቶ ራሱን ያሳይ የነበረ ልጅ ዕድሜው በዚያው አለፈ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ ፈርሞ ነገ አያድንም። በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ የራሱ አሰልጣኝ፣ የራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ብዙ ክለብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ለፊርማ ገንዘብ ይመድባል፣ ለግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ግን እጁን ይሰበስባል።

ዞሮ ዞሮ የሚያዋጣው ሁለቱን ማጣመር ነው። አንድ አንጋፋ ለሁለት ዓመት ይፈርም፤ ከሥሩ ከኡኬም ሆነ ከጊምቢ የመጡ ሁለት ልጆች ይሰልጥኑ። አንጋፋው ሲሄድ ጓንቱን የሚረከብ ይኖራል። ያኔ የኡኬ ሰው ሬዲዮኑን ከፍቶ የነቀምትን ጨዋታ ሲከታተል ‹‹በረኛው የእኛ ልጅ ነው›› ይላል። ይህንን ደግሞ የትኛውም የዝውውር መስኮት አይሸጠውም።