በእጅ ያለ ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም
የንግድ ሥራ መሠረታዊ ትምህርት ለአዋሽ ሸለቆ ማኅበራት ያለው ጥቅም

በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ ውሃ በደረሰበት ማሳ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ በቆሎና ጥጥ አምርቶ ለገበያ ማቅረብ ለአካባቢው ገበሬና ከፊል አርብቶ አደር አዲስ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ምርቱ ተሸጦ ገንዘቡ ከሣጥን ከገባ በኋላ ነው። አባላቱ ድርሻችን ይሰጠን ይላሉ፤ መሪዎቹም ያለውን ቆጥረው ያካፍላሉ። በሚቀጥለው ዓመት የውሃ መሳቢያው ሞተር ሲሰበር ግን መጠገኛ ገንዘብ ይጠፋል፤ ማሳው በፀሐይ ይደርቃል፤ ትናንት የተመሰገነው ኮሚቴም ዛሬ ይታማል።

ይህ እንዳይሆን የሚያስችለው ዕውቀት ረቂቅ ወይም ከገበሬው የራቀ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ በልዩ ልዩ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በንግድ ሥራ መስክ የሚሠለጥኑ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። ትምህርቱ መነሻ ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ፣ የንግድ ድርጅት በምን ዓይነት መልክ እንደሚቋቋም፣ ወጪና ገቢ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን፣ እንዲሁም ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራትና መቆጣጠር ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳል። የማኅበር መሪ የክፍል ተማሪ ባይሆንም በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

የድርጅት ዓይነቶች

ትምህርቱ በመጀመሪያ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ድርጅቱ የማን ነው? ትርፉስ እንዴት ይከፈላል?» የሚለው ነው። የአዋሽ ሸለቆ ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች አሉት። በ1950ዎቹ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በታችኛው አዋሽ ባቋቋመው የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበር ሰፊ የጥጥ ልማት ተካሂዷል። እርሻው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት እስኪወረስ ድረስ የሚመራው በአክሲዮን ሕግ ነበር። በአክሲዮን ማኅበር ትርፍ የሚከፈለው ባዋጡት ገንዘብ መጠን ነው፤ ብዙ አክሲዮን ያለው ብዙ ድምፅ ይኖረዋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። የሚሸጡት ሚዛኑ ያልጎደለ ዕቃ ሲሆን፣ የተረፈውን ገንዘብም እያንዳንዱ አባል ከሱቁ በገዛው መጠን ተካፈሉት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉት መሠረተ ሐሳብ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። በዚህ መሠረት አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው። የማኅበሩ መሪ የገንዘቡ ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ መሆኑም ከዚሁ የሚነሣ ነው።

ስድሳ አባላት ያሉት ማኅበር

አሁን ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስድሳ አባላት ያሉት ማኅበር 300,000 ብር የገዛው የውሃ መሳቢያ ሞተር አለው እንበል። በዓመቱ 400 ኩንታል ሽንኩርት በኩንታል 2,000 ብር ሸጦ 800,000 ብር አገኘ። ለዘር 90,000፣ ለማዳበሪያና ለፀረ ተባይ መድኃኒት 130,000፣ ለነዳጅ 150,000፣ ለቀን ሠራተኛ 140,000፣ ለጆንያና ለማጓጓዣ 50,000፣ በድምሩ 560,000 ብር አወጣ። ስለዚህ 240,000 ብር ተረፈ ተብሎ ለእያንዳንዱ አባል 4,000 ብር ይድረሰው የሚል ሐሳብ ይቀርባል።

የንግድ ሥራ ትምህርት ግን እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ ይላል።

አንደኛ፣ ሞተሩ አምስት ዓመት የሚያገለግል ከሆነ በየዓመቱ የ60,000 ብር ዋጋው ያልቃል። ማንም ደረሰኝ ይዞ ባይመጣም ይህ ወጪ ነው፤ የእርጅና ተቀናሽ ይባላል። ሁለተኛ፣ ለተወሰደው ብድር ገና ያልተከፈለ 30,000 ብር ወለድ አለ። ሁለቱ ሲቀነሱ እውነተኛው ትርፍ 150,000 ብር ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከሽያጩ ውስጥ 100,000 ብሩን ነጋዴው በዱቤ ይዞታል፤ ስለዚህ በሣጥን ያለው 240,000 ሳይሆን 140,000 ብር ነው። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ መቀነስም አለበት። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። በምሳሌው በዚሁ በ30 በመቶ ብናሰላ 45,000 ብር ይቀመጥና 105,000 ብር ለአባላት ይከፈላል። የእያንዳንዱ ድርሻ በአማካይ 1,750 ብር ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ከ4,000 ብር ያነሰ ነው፤ አባላትንም ላያስደስት ይችላል። ነገር ግን ወለዱና ድርሻው ከተከፈለ በኋላ በሣጥን 5,000 ብር ይቀራል። ነጋዴው ዱቤውን ሲከፍል ደግሞ 105,000 ብር ይሆናል። ይህም ለሞተሩ መተኪያ 60,000፣ ለመጠባበቂያ 45,000 ብር ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ማኅበሩ አዲስ ሞተር ለመግዛት የሚያስችለውን ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ዋጋው ጨምሮ ቢገኝ እንኳ ጉድለቱን በመጠባበቂያው ሊሞላ ይችላል።

ዋጋ ከመተከሉ በፊት

ቀድሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በተተመነ ዋጋና በኮታ ይቀበል በነበረበት ዘመን የገበሬው ማኅበር ስለ ዋጋ የሚከራከርበት ዕድል እምብዛም አልነበረም። የኮታው አሠራር በ1982 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህ ግን ዋጋን የሚወስነው የገዢና የሻጭ ድርድር ሆኗል። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ምርት ወጪ ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ ሻጭ ተጎጂ ነው።

በምሳሌው የጠቀስነው ማኅበር 560,000 ብሩን ብቻ ለ400 ኩንታል ቢያካፍል የአንዱ ኩንታል ወጪ 1,400 ብር ይመስለዋል። ነጋዴ 1,500 ብር ሲሰጠው መቶ ብር አተረፍኩ ብሎ ይሸጣል። የሞተሩ እርጅናና ወለዱ ሲጨመሩ ግን ወጪው 650,000 ብር፣ የኩንታሉም 1,625 ብር ነው። አተረፍኩ ያለው ማኅበር በእያንዳንዱ ኩንታል 125 ብር፣ በጠቅላላው 50,000 ብር ከስሯል።

ሆኖም ሽንኩርት ብዙ የሚቆይ ሰብል ስላልሆነ ከተሰበሰበ በኋላ በ1,500 ብር መሸጥ ማሳ ላይ ከመበስበስ ይሻላል። ስሌቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ዘር ከመዘራቱ በፊት ነው። ገበያው 1,625 ብር የማይሰጥ ከመሰለ በከፊል ማሳ በቆሎ ወይም ሌላ ሰብል መዝራት፣ ወይም ከገዢ ጋር አስቀድሞ መዋዋል ይቻላል።

ወሬን እንደ ዳጉ ማጣራት

ለዚህ ደግሞ የገበያ ወሬ ያስፈልጋል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰሜን የሚነጠለው መንገድ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሎጊያና ሰመራ ይደርሳል፤ ከዚያም በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ያልፋል። በዚህ መንገድ የሚመላለሱት መኪኖች ዕቃ ብቻ ሳይሆን የዋጋ ወሬም ይጭናሉ። የአፋር ሕዝብ በመንገድ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ለይቶ የሚለዋወጥበት ዳጉ የተባለ ባህል አለው። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ የከብት ዋጋ ስንት እንደዋለ በዳጉ ይነገራል፤ የሐሰት ወሬ ማቀበል ያስነውራል። ኮሌጅ የገበያ ጥናት ብሎ የሚያስተምረው ሥራ በዚህ ባህል ውስጥ መሠረት አለው። ማኅበሩ ሊጨምርበት የሚገባው በዳጉ የተሰማውን ዋጋ ከነቀኑ በመዝገብ ማስፈር ነው።

መንጋም ቢሆን ሀብት መሆኑ በዚሁ ዓይን ይታያል። ፍየሏ መነሻ ገንዘብ፣ ግልገሏና ወተቷ ገቢ ናቸው። ድርቅ ሲመጣ መነሻው ራሱ ስለሚጠፋ፣ ግጦሹ ሳይመናመንና ከብቱ ሳይከሳ ከፊሉን ሸጦ ገንዘቡን ማስቀመጥ መጠባበቂያ ከማኖር አይለይም።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ይህን ዕውቀት በሥራ ለማዋል ብዙ ወጪ አያስፈልጋቸውም። የገቢና የወጪ መዝገብ ይኑር፤ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አይግባ፣ አይውጣም። ገንዘብ የሚይዘውና ሒሳብ የሚጽፈው ሰው አንድ አይሁን፤ ይህ ያለመተማመን ምልክት ሳይሆን ሁለቱንም ከሐሜት የሚያድን አሠራር ነው። የዱቤ ገዢዎች ስምና የመክፈያ ቀናቸው ለብቻው ይመዝገብ። በየዓመቱ የሞተሩ እርጅና ተቀንሶ ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ። ማንበብ የማይችል አባል እንዳይቀር ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ፣ በአካባቢው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የመጠባበቂያውን መጠን በሚመለከት ሕጉ የሚያዘውን ከወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ከማኅበሩ አባላት ልጆች መካከል በኮሌጅ የሚማሩ ካሉም በዕረፍት ጊዜያቸው መዝገቡን እንዲመረምሩ ማድረግ ይቻላል።

ድርሻው 1,750 ብር ለምን እንደሆነ መዝገቡን ገልጦ የሚያስረዳ መሪ በዚያ ቀን ማጉረምረም ይሰማ ይሆናል። ሞተሩ በተሰበረ ማግሥት ግን ውሃው ከቦዩ አይቋረጥም።