የበርጋ ጨፌ ብርቅ ወፍ መኖሯ በምን ይታወቃል?

ክረምት ሲገባ በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው የበርጋ ጨፌ በውኃ ይሞላል፤ ሳሩና ቄጠማውም ይረዝማል። በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ እንቁላል ጥላ ጫጩት የምትፈለፍለው በዚህ ወቅት ነው። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ትባላለች። በመላው ዓለም ለመራባት የደረሱት ወፎች ከ250 እንደሚያንሱ ይገመታል። ካለችበት የስጋት ደረጃ ቀጥሎ ያለው ከዱር መጥፋት ነው።

ይህችን ወፍ ማየት ቀላል አይደለም። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ውሎዋ ቄጠማ ሥር ለሥር መሽሎክሎክ ነው። ሰው አጠገቧ ካልደረሰ አትነሳም። ብትነሳም እግሯን አንጠልጥላ፣ ዝቅ ብላ ጥቂት ትበርና ተመልሳ ሳሩ ውስጥ ትጠፋለች። በዚያች ቅጽበት ክንፏ ላይ ብልጭ የሚለው ነጭ ላባ ዋና መለያዋ ነው። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1877 ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና ቢመዘግባትም፣ በርጋ የመራቢያ ቦታዋ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። በደቡብ አፍሪካ መራባቷ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆነ። ማስረጃው የተገኘው እንቅስቃሴ ሲኖር በራሳቸው ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎችን ረግረግ ውስጥ በመትከል ነው።

በርጋ ላይ ግን ከካሜራው በፊት ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሲሠራ ቆይቷል። ነዋሪዎቹም የበርጋ ወፍ ወዳጆች ማኅበርን አቋቁመዋል። ጨፌው የከብት ግጦሽና የድርቆሽ ምንጭ በመሆኑ፣ ከብት መቼ ይግባ፣ ሳሩስ መቼ ይታጨድ የሚለው ውሳኔ በነዋሪው እጅ ነው። በደቡብ አፍሪካው የሚድልፑንት ረግረግ መሬት ጥበቃ ድርጅት ድጋፍ በአካባቢው ትምህርት ቤት መሠራቱም የወፏ ጥበቃ ለሕዝቡ ልጆች እንዲተርፍ አድርጓል።

የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ለሳይንስ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ተደጋጋሚ መዝገብ ነው። ነገሩን በቁጥር እንየው። አንዲት ወፍ ቦታው ላይ እያለች፣ ሦስት ጊዜ ሲኬድ በአማካይ አንድ ጊዜ ብቻ ትታያለች እንበል። አንድ ቀን ሄደን የማጣት ዕድላችን 67 በመቶ ነው፤ ስለዚህ «የለችም» ማለት አንችልም። አምስት ጊዜ ተመላልሰን በሙሉ የማጣት ዕድላችን ግን ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። «ዛሬ አልታየችም» የሚለው መስመር ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው። የታየችበትን ቀን ብቻ የሚጽፍ ሰው ወፏ እየቀነሰች ይሁን እየበዛች ሊነግረን አይችልም።

ለሳይንስ የሚበቃ ምዝገባ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ትክክለኛው ቦታ፣ ተመልካቹ የቆየበት ጊዜ፣ የወፎቹ ብዛት፣ የአየሩ ጠባይና መለያ ምልክቱ ከተጻፈ በቂ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መገለጽ አለበት፤ አለዚያ የክረምት ወፍ በሌላ ወር፣ የጧት ወፍ በሌላ ሰዓት ትመዘገባለች። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድ የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ማንኛውም ሰው እንዲህ ያለውን መዝገብ በነጻ እንዲያስገባ ያስችላል።

ምዕራብ ሸዋ ለዚህ ሥራ የታደለ ነው። ጊንጪ አጠገብ የጭሊሞ ደን፣ ከፍ ብሎ የደንዲ ሐይቅ፣ ከአምቦ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ በአጎራባች ዞን የወንጪ ሐይቅ አለ። በደጋው ረግረግ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይኖራል። አምቦ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው።

ስለዚህ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በአዲስ ዓለም የምትገኙ መምህራንና ተማሪዎች፣ የወፍ ክበብ አቋቁሙ። አንድ መስመር መርጣችሁ በየወሩ ተመላለሱበት፤ ያያችሁትንም ያጣችሁትንም ጻፉ። በመራቢያ ወቅት ጨፌ እየረገጣችሁ ወፍ አታስነሱ፤ የጎጆ ቦታም ለማንም አታሳዩ። ብርቅ ወፍን ሳትጠፋ ለማዳን መጀመሪያ መቀነሷን በጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሊነግረን የሚችለው በየወሩ የሚጻፍ መዝገብ ነው።