የመንጃ ፈቃድ የትምህርት መጀመሪያ ነው

ከቤተ ሰቡ አንዱ የመንጃ ፈቃድ ባገኘ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። በቅርቡ በገላን አንዲት እናት ልጃቸው ፈተናውን ባለፈች ማግስት ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠርተው ነበርና፣ እኛም ከተጠሩት መካከል ነበርን። በቡናው ላይ አንድ ዘመድ፣ «እንግዲህ ነገ እስከ አዳማ ወስደሽ መልሽን» ቢላት፣ ልጅቱ አቀርቅራ ዝም አለች። እናትየዋ ግን፣ «ልጄ ወረቀቱን ያገኘችው ትናንት ነው፤ ከመንገዱ ጋር ገና አልተዋወቀችም» ብለው መለሱ። ይህ ቃል ለብዙ ቤት የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን እነሆ ጻፍነው።

ፈተናው መሪ መያዝን፣ ማርሽ መለወጥን፣ በዳገት ላይ ቆሞ መነሣትንና የመንገድ ምልክት ማወቅን ይመረምራል። ነገር ግን የሐምሌን ዝናም፣ በሌሊት ዓይን የሚያጠፋውን የጭነት መኪና መብራት፣ መብራት የሌለውን ጋሪ፣ ኳሱን ተከትሎ የሚሮጠውን ሕፃን በፈተና ቀን ማቅረብ አይቻልም። እነዚህን የሚያስተምር መንገዱ ራሱ ነው።

ከገላን አጠገብ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰው የክፍያ መንገድ ሰፊ ስለ ሆነ ለጀማሪ የቀለለ ይመስላል። ሆኖም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በ1 ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ይህን ያህል መንገድ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ይሆናል።

ነባር ሾፌርም ቢሆን ተማሪ ከመሆን አያመልጥም። በአገራችን ቀድሞ በግራ ይነዳ የነበረው በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ በተለወጠ ጊዜ፣ ብዙ ዘመን የነዳው ሁሉ እጁንና ዓይኑን እንደ ገና ማስተማር ግድ ሆኖበት ነበር።

ስለዚህ አዲስ ነጂ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትዕግሥት ያለውን ልምድ ዐዋቂ ከጎኑ ያስቀምጥ። አስቀድሞ በእሑድ ጧት ጭር ባለ መንገድ፣ ቀጥሎ በዝናም፣ ከዚያም በምሽት፣ በመጨረሻም በሩቅ ጉዞ ይለማመድ። ቤቱ ሲገባም፣ «ዛሬ የደነገጥሁት የት ነው? ስለ ምንስ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ለቤተ ሰብም የምንለው አለን። ነጂውን አታቻኩሉት፤ የቀደመውን መኪና አትቍጠሩበት፤ በስልክም አትጥሩት። ሁላችሁም የመቀመጫውን ቀበቶ እሰሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና፣ የዘገየ ይደርሳል፤ የቸኰለ ግን ቤተ ሰቡን ሊያስለቅስ ይችላል።

የገላኗ ልጅ በተከታዩ እሑድ እናትዋን እስከ ገበያ አድርሳ በሰላም መለሰቻቸው። አዳማም ብትሆን ቀኗን ትጠብቃለች።