ደም የሚያስታውከው የቢልሃርዝያ መዘዝና የቀዶ ሕክምናው ድርሻ

ጤነኛ መስሎ ሥራውን ሲያከናውን የቆየ ሰው በድንገት ብዙ ደም ሊያስታውክ ይችላል። ሁኔታው በአብዛኛው የጨጓራ ቁስል ነው ተብሎ ቢገመትም፣ መነሻው ጉበት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የቦርከና ወንዝ ተፋሰስ የአንጀት ቢልሃርዝያ ከታወቀ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ተውሳኩን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ከደሴ ደጋ ይልቅ የኮምቦልቻ አካባቢ ሞቅ ያለና ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ ይስማማዋል። በዚህ ውሃ ልብስ በሚያጥቡ፣ በሚዋኙና በመስኖ በሚያለሙ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ተውሳኩ በቆዳ አልፎ ይገባል።

ትሎቹ ከሚጥሏቸው እንቁላሎች ከፊሉ ወደ ጉበት ተወስዶ በትናንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ይቀረቀራል። በዙሪያው ጠባሳ ሲፈጠር፣ ከአንጀትና ከጣፊያ ደም ወደ ጉበት የሚያደርሰው ፖርታል የተባለው የደም ሥር ይታፈናል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ጣፊያ ያብጣል። መተላለፊያ ያጣው ደም በምግብ ቧንቧ ታችኛ ክፍልና በጨጓራ አናት ባሉት ስስ ሥሮች ሲያልፍ ሥሮቹ ይወጠራሉ፤ ከዓመታት በኋላም ይፈነዳሉ።

አስቸኳዩ ሕክምና ደም መተካት፣ ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት መስጠትና በኢንዶስኮፒ ሥሮቹን በላስቲክ ቀለበት ማሰር ነው። ይህ ካልተሳካ ወይም መሣሪያው ካልተገኘ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። አንደኛው ዘዴ የጣፊያን ደም መላሽ ሥር ከኩላሊት ሥር ጋር ማገናኘት ሲሆን፣ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ረቂቅ ሥራ ነው። ሌላው በግብፃዊው ሐኪም በዶክተር ሐሰብ ስም የሚታወቀው፣ ጣፊያን አውጥቶ ወደ ተወጠሩት ሥሮች የሚሄዱትን መስመሮች መዝጋት ነው።

በዚህ ረገድ የቢልሃርዝያ ሕመምተኛ አንድ ዕድል አለው። በአልኮል ወይም በሄፓታይተስ ከተጎዳ ጉበት በተለየ፣ የጉበቱ ሕዋሳት በአብዛኛው ሥራቸውን ስለማያቋርጡ ቀዶ ሕክምናውን የመቋቋም አቅሙ የተሻለ ነው። ስለሆነም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም በግራ ጎን ያበጠ ጣፊያ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። ጣፊያው የወጣለት ሰው ደግሞ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት ሲይዘውም በዚያው ዕለት መታከም አለበት።

ቀዶ ሕክምናው የደም መፍሰሱን ቢገታም ትሉን አይገድልም፤ ለዚህ ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር። ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አላት፤ በቦርከና ዳር ላለው ነዋሪ ግን የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ለልብስ ማጠቢያም እስካልበቃ ድረስ፣ ታክሞ የተመለሰው ሰው የሚወርደው ወደዚያው ወንዝ ነው።