ክብደት በሚቀነስበት ጊዜ ስለሚያስፈልገው የፕሮቲን መጠንና ስለ ጥራጥሬ ድርሻ

ይህ ጽሑፍ በኮሶዬ፣ በዳባትና በደባርቅ አካባቢ ለሚሠሩ የእርሻ ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ይህ ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ድንች የሚመረትበት አገር ነው። ገበሬው በእርሻ፣ በአጨዳና በእግር ጉዞ ሲደክም ስለሚውል ውፍረት የገጠሩ ዋና ችግር አይደለም። ይሁን እንጂ በከተሞቹ ተቀምጠው ከሚሠሩት ነጋዴዎች፣ ሾፌሮችና የቢሮ ሠራተኞች መካከል በደም ግፊት ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ክብደት እንዲቀንሱ በሐኪም የሚታዘዙ አሉ። እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ገንቢ ምግብ መብላት እንዳለባቸው ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

የተለመደው ስሕተት

ክብደት ቀንስ የተባለ ሰው አንዳንድ ጊዜ ምሳውን ጨርሶ ይተዋል፤ አለዚያም ወጡን አሳንሶ እንጀራውን እንደነበረ ይበላል። በዚህ ዓይነት የሚቀንሰው ክብደት ስብ ብቻ አይደለም። ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ምግብ ሲያገኝ ስቡን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም ያፈርሳል። ጡንቻው የሳሳ ሰው ጉልበቱ ይደክማል፤ ወደ ቀድሞ አመጋገቡ ሲመለስም ክብደቱ ቶሎ ይመለሳል። ስለሆነም ክብደት በሚቀነስበት ጊዜ መቀነስ ያለባቸው ኃይል ሰጪዎቹ ምግቦች፣ ማለትም እንጀራ፣ ዳቦ፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ስኳርና መጠጥ ናቸው። ገንቢው ምግብ ግን ባለበት ሊቆይ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይገባል። ፕሮቲን ከሌሎቹ ምግቦች ይልቅ ጥጋብን ስለሚያቆይ ረኃቡን ለመቻልም ይረዳል።

አስቀድሞ መመዘን

ማንኛውም ምክር ከመሰጠቱ በፊት ሰውየው በእርግጥ መቀነስ የሚገባው መሆኑ ይረጋገጥ። ክብደቱ በኪሎ ግራም ተይዞ፣ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከስቷል፤ ከ25 በላይ ከሆነ ወፍሯል። ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 75 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ውጤቱ 27.5 ነው። 65 ኪሎ ግራም ቢደርስ ወደ 24 ይወርድለታል።

የስኳር በሽተኛ ሁሉ ወፍራም ነው ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ የጎንደር አካባቢ ጥናት እንዳመለከተው፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭኖችና በችግር ያደጉ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ክብደት ቀንስ ማለት መጉዳት ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ልጆችም ይህን ምክር አይከተሉ። የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን አያብዛ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሚያስፈልገው መጠን

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ምግቡን ለሚቀንስ ሰው ግን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም እንዲሆን ይመከራል። ሰውየው በጣም የወፈረ ከሆነ ሒሳቡ የሚሠራው አሁን ባለው ክብደት ሳይሆን ሊደርስበት ባሰበው ክብደት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሰው 65 በ1.2 ተባዝቶ በቀን 78 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

በ100 ግራም ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን በግምት እንደሚከተለው ነው፤

ሀ. ደረቅ ባቄላ 26 ግራም
ለ. ደረቅ ምስር 24 ግራም
ሐ. ደረቅ አተር 23 ግራም
መ. ሽምብራ 20 ግራም
ሠ. የጤፍ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት 11 ግራም
ረ. ቀይ ጥሬ ሥጋ 20 ግራም
ሰ. ወተት 3.3 ግራም
ሸ. ድንች 2 ግራም

አንድ የአበሻ ዶሮ እንቁላል 5 ግራም ያህል ይሰጣል።

የጾምና የፍስክ ቀን አመጋገብ

በዚህ አገር ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም 55 ቀን በሚፈጀው በዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለማይበሉ የፕሮቲኑ ሸክም በጥራጥሬ ላይ ይወድቃል። ለ78 ግራም የሚሆን የጾም ቀን ምግብ እንዲህ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ጥራጥሬ በደረቁ ተመዝኖ 200 ግራም (48 ግራም ፕሮቲን)፣ ዱቄት 200 ግራም (22)፣ ጎመን 200 ግራም (5)፣ ድንች 200 ግራም (4)። በድምሩ 79 ግራም ይሆናል። ጥራጥሬው በአንድ ጊዜ አይበላም፤ ጠዋት ንፍሮ ወይም በቆልት፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ክክ ወይም አዚፋ ይሁን።

በፍስክ ቀን ጥራጥሬው ወደ 120 ግራም ሊቀንስ፣ በምትኩ ሁለት እንቁላልና ግማሽ ሊትር ወተት ሊጨመር ይችላል።

እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ይህ ክፍል ሞልቶታል። እንጀራን በሽሮ፣ ቂጣን በስልጆ መብላት ስለዚህ ተገቢ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በዘይቱ ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ስላለው አራት ማንኪያ የፈሰሰበት ሽሮ የታሰበውን ያፈርሳል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ማንኪያ ይበቃል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል መቀነስ በቂ ነው።

ስለ ጓያ ማስጠንቀቂያ

ጓያ ርካሽና በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም የባቄላ ምትክ ሊሆን አይችልም። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይድንም። ይህ በሽታ በደንቢያና በፎገራ ሜዳዎች በጥናት ተረጋግጧል። የሽሮ እህል የሚገዛ ሰው ሳይፈጭ አይቶ ቢገዛ ይመረጣል።

የማኅበራትና የልማት ሠራተኞች ተግባር

1. ማኅበራት ከሚሰበስቡት ባቄላና አተር ሁሉንም ለነጋዴ ከማስተላለፋቸው በፊት ለአባሎቻቸውና ለከተማው ነዋሪ በችርቻሮ የሚሸጥ ያስቀሩ። በቀን 200 ግራም የሚበላ አንድ ሰው በዓመት 73 ኪሎ ግራም ያስፈልገዋል።

2. በማኅበሩ ሚዛን 200 ግራም ጥራጥሬ ተመዝኖ በቤት ስኒ ስንት እንደሚሞላ ለእናቶች ይታይ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በስኒው ሊለካ ይችላል።

3. ባቄላ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ መሬትን ስለሚያዳብር፣ ከገብስና ከስንዴ ጋር እያፈራረቁ መዝራቱ እንዲቀጥል ገበሬው ይመከር።

ክብደት የሚቀንስ ሰው እንጀራውን ያሳንስ፤ ዘይቱን ይቆጥብ፤ ጥራጥሬውን ግን ከማዕዱ አያንሣ።